የሦስተኛው ኮሮጆ መራጮች

ሰኞ

ደሙ ከጫማዬ አልለቅ አለኝ። ነጭ ሸራ ጫማ ነው። ሦስቴ በሳሙና አሸሁት፤ ዝገት መስሎ ቀረ። የእኔ ደም አይደለም። የዮናስ ነው።

ሳልረሳው፣ ደግሞም ሳላሳምረው ልጻፈው። ከምሳ በኋላ የመራጮችን ስም ዝርዝር ልለጥፍ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወዳለው ሰሌዳ ሄድኩ። የምርጫ አስፈጻሚ ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት ከክፍላችን ሌላ እጁን ያወጣ ስለጠፋ ነው እንጂ ነገሩን ወድጄው አይደለም። ዮናስ ቀድሞኝ ደርሶ የራሱ ፎቶ ያለበትን ወረቀት ይለጥፋል። ለተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ሲናገር የሚንተባተብ። ፕላስተሩን አውሰኝ አልኩት። ሊያቀብለኝ ሲዞር ሦስት ወንዶች ከጀርባው መጡ። የሹራባቸውን ኮፍያ እስከ ግንባራቸው ስበዋል፤ አፋቸው በማስክ ተሸፍኗል። መሀል ያለው ፌሮ ይዟል፤ ከአዲሱ ሕንፃ ግንባታ የተወሰደ፣ አውራ ጣት የሚያህል ብረት።

የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ፊቱ ላይ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ዮናስ በጉልበቱ ወረደ፣ ከዚያ በጎኑ ተጋደመ። ሁለቱ ሆዱንና ጀርባውን በእርግጫ ይሉታል። አልጮህኩም። ይህን ለራሴ አልዋሽም። ዝርዝሩን ደረቴ ላይ እንደያዝኩ ቆሜ አየሁ። ፌሮ የያዘው ወደ እኔ ዞረና፣

«ሐዩ፣ ሂጂ ከዚህ» አለኝ።

ግቢ ውስጥ ስሜ ሐያት ነው። ሐዩ የሚሉኝ የቤታችን ሰዎችና ከግድግዳችን ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ብቻ ናቸው።

ቢኒያም ነው። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር አንድ ግድግዳ ተጋርተን ነው ያደግነው። እናቴ ታናሼን ወልዳ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ እናቱ እትዬ አስካለ ናቸው ወስደው ያኖሩኝ። ከቢኒ ጋር በአንድ ሳህን ስንበላ ከረምን፤ ሥጋ በሚሠራ ቀን ለእኔ ለብቻዬ ሽሮ ይሠሩልኝ ነበር። አሁን ቢኒ የነባሩ የተማሪዎች ኅብረት የሥነ ሥርዓት ኃላፊ ነው። የሥነ ሥርዓት።

የግቢው ጥበቃዎች መጥተው ጠየቁኝ። ማስክ አድርገዋል፣ አላወቅኋቸውም አልኩ። ቃሌን ጻፉት። ፈረምኩበት።

ማክሰኞ

የዮናስ ግራ ዓይን አደጋ ላይ ነው። ሐኪሙ እናያለን ይላል እንጂ አይናገርም። እህቱ ሩት ከፉሪ መጥታ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። ያየ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝ አልኳት፤ ፊታቸው ግን አይታይም ነበር። እግዜር ይስጥሽ አለችኝ። ስለመጣሁ ነው ያመሰገነችኝ። ያ ምስጋና ከስድብ ይብሳል።

ዮናስ ከንፈሩ ተሰፍቷል፣ መናገር አይችልም። ስልኩ ላይ ጽፎ አሳየኝ፦ «ሐሙስ ሰው ይወጣል?»

ዓይኑ ሊጠፋ ነው፣ እሱ የሚያስበው ይሄን ነው። ግን ልክ ነው። ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው የተንጠለጠለው። በደንቡ ከተመዘገበው ተማሪ ከግማሽ በላይ ካልመረጠ ምርጫው ይሰረዛል፤ ነባሩ ኅብረት ባለበት ይቀጥላል። የመጀመሪያው ዙር እንደዚያ ነው የተሰረዘው። ማንም የከለከለ አልነበረም፤ ሰዉ ማንም ቢመረጥ ያው ነው እያለ ዶርሙ ተኝቶ ዋለ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ አልመረጥኩም። ስለዚህ ነባሮቹ የማንንም ድምፅ አይፈልጉም። የሚፈልጉት ሰው እንዳይወጣ ብቻ ነው። ላውንጁን ማን እንደሚሠራበት የሚወስኑት እነሱ፤ የዶርም ምደባ እነሱ፤ ለሥራ ስማቸው የሚላከውም እነሱ። ይህን በፈቃዱ የሚለቅ የለም።

ከሆስፒታል ስወጣ ከማላውቀው ቁጥር መልእክት ገባልኝ።
— ኮሚቴውን ልቀቂ።
— ከታክሲ የት እንደምትወርጂ እናውቃለን።
ሦስተኛው ጽሑፍ የለውም፤ ፎቶ ነው። በራችን ላይ የተሰጣው ጫማዬ።

ያንን ፎቶ ማንሳት የሚችለው ከግድግዳው ማዶ ያለ ሰው ነው።

ረቡዕ

ጠዋት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ዘጠኝ ነበርን፤ አራት ቀርተናል። ያልመጡት ሰበብ፦ ጨጓራ፣ የዘመድ ሠርግ፣ ፈተና፣ እንደገና ጨጓራ። አንዷ ብቻ ፈራሁ አለች። እሷን አከበርኳት።

ሰብሳቢያችን መምህር ጌታነህ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያልተኛ ይመስላል። ብንሰርዘው ያሸነፉት እነሱ ናቸው፤ ሳንሰርዘው ሰው ቢሞትስ ብሎ እኛኑ ጠየቀን። እጅ አወጣን። ሦስት ለአንድ፣ ይካሄድ። ይካሄድ ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። ከጀግንነት አይደለም። ሰኞ የፈረምኩበት ወረቀት ሌት ተቀን ይበላኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሴቶች ዶርም በድንጋይ ተደበደበ። እዚያ ነበርኩ፤ ነገ ድምፅ መስጫው የት እንደሆነ በየክፍሉ እየነገርኩ። መጀመሪያ አንድ መስኮት፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ። አልጋ ሥር ገባን። አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ልጅ አንገቷ ላይ መስተዋት ገብቶ ደሟ በጣቶቿ መሀል ይወርዳል። ሰላማዊት የምትባል የነርሲንግ ተማሪ ሻሼን ከራሴ ላይ ስባ አንገቷ ላይ አሰረችው። ሰላማዊት ነገ ከእኔ ጋር ኮሮጆ ቁጥር ሦስት ላይ የተመደበች ናት። ልጅቷ ስትወጣ የማንም ምርጫ ይቅርብኝ፣ አባቴ ይምጣ እያለች ታለቅስ ነበር።

ሀይሌ ጋርመንት ከታክሲ ስወርድ ቢኒ ቆሞ ይጠብቀኛል። በፌስታል ዳቦ ይዟል፣ ለእናቱ። የሚያየን ሰው ስለ ፈተና የምናወራ ይመስለዋል።

«ነገ ታመሽ ዋዪ» አለኝ።

«ዓይኑ ሊጠፋ ነው፣ ቢኒ።»

ፊቱን ሊመታ እንዳልነበረ፣ ዮናስ በመሀል ስለዞረ እንደሆነ፣ እሱ ራሱ እዚያ ባይኖር ሌሎቹ ዮናስን ይገድሉት እንደነበር ነገረኝ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለው፤ የተለማመደው ይመስላል። አሁን ወደኋላ መመለስ እንደማይችል፣ ምርጫው ከጸና እሱንም ከነባሮቹ ጋር አብረው እንደሚጥሉት ነገረኝ። ልሄድ ስል የእጄን አንጓ ያዘኝ። አጥብቆ። ጣቶቹ የያዙበት ቦታ አሁን ስጽፍ ቀልቷል።

«ነገ እኔም የማላስቆመው ነገር አለ» አለ።

ሐሙስ
(የተጻፈው ዓርብ ጠዋት ነው)

ከሦስቱ ኮሮጆዎች የእኛው በተማሪዎች ካፌ አጠገብ በድንኳን ውስጥ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ከፈትን። እስከ ሦስት ሰዓት ሰባት ሰው መጣ። ሰላማዊት የስንቱን ሰው ጣት እቀባለሁ ብላ ሙሉ ጠርሙስ ቀለም ይዛ ነበር፤ ክዳኑን እየከፈተች ትዘጋዋለች። እኔ ስማቸውን ከመዝገቡ ፈልጌ አስፈርማለሁ፣ ወረቀት እሰጣለሁ። ነገሩ አልቆለታል ብዬ ነበር።

ሦስት ተኩል ግድም የትናንቷ ልጅ መጣች። አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከኋላዋ የዶርሟ ልጆች፣ ከነሱ ኋላ የሁለተኛው ፎቅ ልጆች። ሰልፉ ከድንኳኑ ወጥቶ እስከ ቧንቧው ደረሰ። ማንም አያወራም። ይፈርማሉ፣ ጣታቸውን ይቀባሉ፣ ይከታሉ። አባትሽ መጣ ወይ አልኳት። ከመጣ ይወስደኛል ብዬ አልደወልኩለትም አለችኝ።

አምስት ሰዓት አካባቢ የመጀመሪያው ድንጋይ የድንኳኑን ጣራ ቀደደው።

ከዚህ በኋላ ያለው በቅደም ተከተል አይመጣልኝም። ጩኸት። ሰልፉ ተበተነ። ስድስት ወይም ሰባት ሆነው ገቡ፣ ዱላና ፌሮ ይዘው። አንዱ ጠረጴዛውን በእግሩ ገለበጠው። ሌላው ከውኃ ላስቲክ ኮሮጆው ላይ አፈሰሰ፤ ሽታው ቤንዚን ነው። ሰላማዊት ኮሮጆውን አቅፋ ወደ ውጭ ልትጎትት ስትሞክር ለኮሰው። እጅጌዋ ተያያዘ። በክንዷ መሬቱን እየደበደበች ስትንከባለል አየኋት፤ ያን ጊዜ የሰማሁት ድምፅ የሰው አይመስልም።

እኔ መዝገቡን ይዣለሁ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ኮሮጆው እየነደደ ነው፣ መዝገብ ምን ያደርጋል። ግን አልለቀቅኩም። አንድ እጅ ይዞ ጎተተው። ማስኩ ወርዷል። ቢኒ ነው። ስጪኝ፣ ሐዩ፣ ስጪኝ ይላል፤ እየለመነኝ ነው የሚመስለው። አልሰጥም። ግራ እጄን ወደ ኋላ ጠመዘዘው። ቀጥሎ ከክርኔ በታች የሆነ ነገር ሲለቅ ተሰማኝ፤ ሕመሙ የመጣው ቆይቶ ነው።

ተነቅሎ የወደቀ የድንኳን ካስማ ነበር፤ የብረት ነው። በቀኝ እጄ አነሳሁት፣ ጭንቅላቱን መታሁት። ለቀቀኝ። በጉልበቱ ወረደ፣ ልክ እንደ ዮናስ። እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ቀና ብሎ አየኝ።

ደገምኩት።

የመጀመሪያው ለመዳን ነበር። ሁለተኛው አልነበረም። ሁለተኛውን ስመታው ደስ ብሎኛል። ይህን መጻፍ አለብኝ። ደስ ብሎኛል፤ ከዚያ ከጆሮው በላይ ቆዳው ተከፍቶ ነጭ ነገር ሲታየኝ ካስማውን ጣልኩት።

ውጭ የተበተኑት ልጆች ተመልሰው ነበር። ቤንዚን ያፈሰሰውን ይዘውት በጫማ፣ በባልዲ፣ በእጃቸው ይመቱታል። ጥበቃዎች ከሥራቸው ጎትተው ባያወጡት በሕይወት አይወጣም ነበር። ቢኒን ጓደኞቹ ተሸክመውት ሄዱ። ቀጥሎ ፖሊስ ገባ፣ በጣም ዘግይቶ።

እኔና ሰላማዊትን አምቡላንስ ውስጥ አስገቡን። በመስኮቱ የማየው ነገር እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ሰላማዊትን አንቺም እዪ አልኳት። ከወንዶቹ ዶርም ሰው ይወጣል። በነጠላ ጫማ፣ በፒጃማ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገም አለ። የተረፉት ሁለት ኮሮጆዎች ወዳሉበት አዳራሽ ይሄዳሉ። የሚጠራቸው የለም። ጭሱን አይተው ነው የወጡት።

ዓርብ

ግራ እጄ ጀሶ ውስጥ ነው። ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሰላማዊት ሆስፒታል ቀርታለች፤ የቀኝ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ተቃጥሏል። ነርስ ልትሆን ነበር። ትሆናለች። ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

እናቴ ትናንት ልብሴን ስታወልቅልኝ መዝገቡን ደረቴ ላይ ተሸጉጦ አገኘችው። መቼ እንደከተትኩት አላስታውስም። አንድ ገጽ ተቀዷል፣ ጠርዙ በደም ተጣብቋል። እናቴ ምንም ሳትጠይቅ ገጾቹን አንድ በአንድ አላቃ በመስኮቱ ፀሐይ ላይ ዘረጋችው።

ረፋድ ላይ መምህር ጌታነህ ደወለ። የሁለቱ ኮሮጆ ድምፅ ተቆጥሯል፤ ግማሽ ለመሙላት ጥቂት ሰው ጎደለ። የሦስተኛው ቢጨመር ይሞላል። ነባሮቹ የተቃጠለ ድምፅ ድምፅ አይደለም ብለዋል። ደንቡ ግን የሚለው የመረጠ ተማሪ ነው እንጂ የተቆጠረ ወረቀት አይደለም፤ ማን እንደመረጠ የሚያሳይ መዝገብ ቢኖር ኖሮ አለኝ፣ እሱም ነደደ እንጂ። እኔ ጋ ነው አልኩት። በስልኩ ውስጥ ሲተነፍስ ሰማሁት። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ነገ ጠዋት ይዘሽ ነይ አለ።

አባዬ ለጁምዓ መስጊድ በሄደበት እትዬ አስካለ መጡ። ማንኳኳት አያውቁም፣ ዛሬ አንኳኩ። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቢኒ ጭንቅላቱን ተሰፍቶ ተኝቷል አሉ፤ ከደረጃ ወደቅሁ ይላል፣ ግን የወደቀ ሰው እንዲህ አይቆስልም። የሆነ መዝገብ እኔ ጋ ሊኖር እንደሚችል ነግሯቸዋል። ያ መዝገብ ከጠፋ ነገሩ ሁሉ ይረሳል፣ ካልጠፋ ነባሮቹ ይወድቃሉ፣ እኔም እስር ቤት እገባለሁ ብሏቸዋል። ይህን ሲሉ አላዩኝም፤ እጃቸውን ነው የሚያዩት።

«ልጄን የመታው ማን እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ አንቺም ልጄን አትጠቁሚብኝ» አሉ።

ቢለምኑኝ ዝም ማለት እችል ነበር። እንዲህ እኩል ለእኩል ሲያደርጉት ግን አልቻልኩም።

«የመታሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ» አልኳቸው። «ሁለት ጊዜ።»

ጀሶውን በጣታቸው ነኩት።

«ይሄንንስ?»

«እሱ ነው። የዮናስንም ዓይን።»

ስለ ዮናስ የሰሙ አይመስለኝም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተነሡ። እናቴ ልትደግፋቸው ስትል በእጃቸው መለሷት። ሄዱ። በሩን አልዘጉትም። ከግድግዳው ማዶ ሲጮሁበት ሰማን፤ ቃሉ አይለይም። ቀጥሎ የተሰበረ ዕቃ ድምፅ።

ቅዳሜ

አባዬ አትሂጂ አለ። የሀይሌ ጋርመንቱን ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ጎረቤት ከፖሊስ ጋር አይነካካም፣ በሽማግሌ ይታያል አለ። አንድ ዓይን በሽማግሌ እንዴት ይታያል አልኩት። እንዲህ መልሼለት አላውቅም። ሱቁን ሊከፍት ወጣ፤ በዚያው አልተነጋገርንም። እናቴ መዝገቡን በቀሚሷ ሥር አድርጋ ራሷ ግቢ ድረስ አደረሰችኝ።

የነባሮቹ ተወካይ መዝገቡን አየና ሳቀ። ይሄ የተቀደደ፣ በደም የተለወሰ ነገር ማስረጃ ነው ወይ፣ ፊርማውን ማታ ቤቷ ተቀምጣ ፈርማው ቢሆንስ አለ። መምህር ጌታነህ አልተከራከረውም። እንግዲህ የፈረሙት ራሳቸው መጥተው እንደገና ይፈርሙ፣ ፊርማቸው ይመሳከር አለ።

አይመጡም ብዬ ነበር። ስማቸው በደጅ ተለጥፎ፣ ሁሉም እያየ፣ ከሐሙሱ በኋላ። የመምህሩ መኪና ጎማ አራቱም በስለት ተቀዶ ነበር ያደረው። ለስብሰባ ወደገባንበት ክፍል ከውጭ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ተወረወረ፤ አንዱ የበሩን መስተዋት ሰብሮ ጠረጴዛችን ላይ ወደቀ።

መጡ። አንገቷ በፋሻ የተጠቀለለው ልጅ፣ የዶርሟ ልጆች፣ አንድ ወንድ በክራንች። ሰላማዊት በስልክ ቪዲዮ ሆና፣ ከሆስፒታል አልጋዋ፣ የቀባኋቸውን አውቃለሁ እያለች ፊት ስታይ ስም ትጠራለች። ሁሉም አውራ ጣቱን ያሳያል፣ ይፈርማል፣ ይወጣል። ከተቀደደው ገጽ ያሉት ሊመሳከሩ አልቻሉም፤ ተጣሉ። እነሱ ተጥለውም ከግማሽ አለፍን። በጣም በጥቂት። መምህር ጌታነህ ደጋግሞ ደመረው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ምርጫው ጸንቷል አለ። ማንም አላጨበጨበም። ደክሞን ነበር።

ከዚያ ጥቃቱን ያደረሰውን የሚያውቅ ካለ በጽሑፍ ያቅርብ ተባለ። ጻፍኩ። ሰኞ የሰጠሁት ቃል ውሸት መሆኑን፣ ፌሮውን ማን እንደያዘ፣ እንዴት እንዳወቅሁት። የሐሙሱን። መምህሩ አንብቦ ስለ ሁለተኛው ምት ያለውን መስመር በጣቱ ይዞ፣ ይሄ አስፈላጊ አይደለም፣ አንቺን ሊጎዳሽ ይችላል አለኝ። ይኑር አልኩት።

እሑድ

ዮናስ ተሸነፈ።

ውጤቱ ጠዋት ተለጠፈ። ያሸነፈችው ፌቨን የምትባል፣ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ብቻ የለጠፈች የሕግ ተማሪ ናት። ነባሮቹ ሁሉም ወደቁ። ዮናስ ሁለተኛ ሆነ። ልነግረው ሄድኩ፤ እህቱ ሩት ቀድማ ነግራዋለች። ዓይኑን ዓርብ አውጥተውታል። በተረፈው አየኝ፣ ሊስቅ ሞከረ፣ ስፌቱ አመመው።

«ሰ… ሰው ወጣ ግን» አለ።

ለሩት ሰኞ እንደዋሸኋት ነገርኳት። ሰማችኝ። ተቆጥታ እንድትሰድበኝ ጠብቄ ነበር። ውጪልኝ ብቻ አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ወጣሁ። ልክ ናት።

ቤት ስደርስ የፖሊስ መኪና መንገዱ ላይ ቆሟል። ቢኒን ይዘውት ሲወጡ ራሱ በፋሻ ታስሯል፣ ነጠላ ጫማ አድርጓል። አጠገቤ ሲደርስ ቆም አለ። የሚለው ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። ፖሊሱ ገፋ አደረገው፣ አለፈ። እትዬ አስካለ በራቸው ላይ ቆመዋል። እኔን አላዩኝም፤ ወይም አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

አባዬ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ እሳቸው ጋ ሄዶ ተቀመጠ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አላናገረኝም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ጣቢያ ቀርቤ ቃሌን እሰጣለሁ፤ ስለ እሱም፣ ስለ እኔም። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ሁለተኛውን ምት ይጠይቁኛል።

አሁን አባዬ ተመለሰ። ጫማውን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ። ቆይቶ፣ እትዬ አስካለ እጇን ያማታል ወይ ብለው ጠየቁኝ አለ።

ምን አልካቸው አልኩት።

«አዎ አልኳቸው» አለ።